ጉልበት ቀድሞ ጡንቻ ለምን ይዘገያል? ብረት ማንሳትና የባሕር ዳር ጀማሪዎች

በባሕር ዳር ስፖርት ሲባል ለረጅም ጊዜ ሰው የሚያስበው ሩጫን፣ እግር ኳስንና ብስክሌትን ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በየሰፈሩ ጂም ተከፍቷል፤ ወርኃዊ ክፍያው የከበደው ወጣት ደግሞ ሁለት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ በቧንቧ ብረት አያይዞ በግቢው ያነሳል። ከብረቱ ጋር ወሬውም አብሮ ገብቷል። “በሦስት ወር ሰውነት ይወጣል” የሚል አለ፤ “በሁዳዴ ብረት ያነሳ ጡንቻውን ይበላዋል” የሚል አለ፤ ያለ ፓውደር (በዱቄት መልክ የሚሸጥ ፕሮቲን) ልፋት ነው፣ ልጅ ካነሳ ቁመቱ ይቀራል፣ ሴት ካነሳች ወንድ ትመስላለች የሚሉም አይጠፉም። አብዛኛው ከስልክ ላይ አጫጭር ቪዲዮዎች የተለቀመ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ይጣረሳል፤ ጀማሪውም የቱን ይዞ የቱን እንደሚጥል ይቸግረዋል።

ወሬዎቹ ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ የሚመነጩት ከአንድ ስሕተት ነው። ጀማሪው የሚጠብቀው በመስታወት የሚያየውን ለውጥ ነው፤ ሰውነት ግን መጀመሪያ የሚለወጠው በማይታየው በኩል ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከገባን ስለ ጉዳቱም፣ ስለ ጾሙም፣ ስለ ፓውደሩም የሚነገረውን ማመዛዘን ይቀላል።

“ብረት ማንሳት” ሲባል የቱ ነው?

አማርኛው የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። የኦሊምፒኩ ክብደት ማንሳት በመጀመሪያው የአቴንስ ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የነበረ ስፖርት ነው፤ ሴቶች የገቡበት በ2000 በሲድኒ ነው። ዛሬ ሁለት ውድድር ብቻ አለው፦ ብረቱን ከመሬት በአንድ ስበት ከራስ በላይ ማድረስ፣ እና መጀመሪያ ትከሻ ላይ አሳርፎ ከዚያ ወደ ላይ መግፋት። ፓወርሊፍቲንግ የሚባለው ሌላ ነው፤ የሚለካው በስኳት (ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ በቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ መግፋት) እና በዴድሊፍት (ከመሬት አንስቶ ቀጥ ማለት) ነው። ሰውነት ግንባታ ደግሞ የሚዳኘው በተነሳው ኪሎ ሳይሆን በቅርጽ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ለጤናና ለጉልበት የሚደረገው ተራ ልምምድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎቹን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ችግሩ የሚጀምረው ለዚህ ሲል ጂም የገባ ሰው የሰውነት ግንባታ ተወዳዳሪ ፕሮግራም ተውሶ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ክንድ እያለ ሳምንቱን ሲሞላው ነው። ያ ፕሮግራም ለዓመታት ለሠራ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው።

መጀመሪያ የሚማረው ነርቭ ነው

በመጀመሪያው ሳምንት ያስጨነቀ ብረት በአምስተኛው ሳምንት ይቀላል። ክንዱ በሜትር ቢለካ ግን ያው ነው። ታዲያ ጉልበቱ ከየት መጣ?

ጡንቻ በራሱ አይነሳም። እያንዳንዱ አዛዥ የነርቭ ሕዋስ በሥሩ ያሉትን የጡንቻ ክሮች ይዞ እንደ አንድ ጭፍራ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ ጥምረት ሞተር ዩኒት ይባላል። ቀላል ነገር ስናነሳ ትናንሾቹ ጭፍሮች ይበቃሉ፤ ሸክሙ ሲከብድ ትልልቆቹ በተራ ይጨመራሉ። ያልለመደ ሰው ትልልቆቹን አስተባብሮ በፍጥነት መጥራት አይሆንለትም። በዚያ ላይ ማረፍ የነበረበት ተቃራኒው ጡንቻ አብሮ ይወጠርና ሥራውን ይጎትትበታል።

በጣና ላይ ታንኳ መቅዘፍ ያልለመደ ጎረምሳን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ክንዱ ከሽማግሌው ቀዛፊ ክንድ ይወፍር ይሆናል፤ ደንገሏ ታንኳ ግን እንደቆመች ትዞርበታለች። የጎደለው ጡንቻ ሳይሆን ቅንጅት ነው። ለዚህ አንድ የቆየ ማስረጃም አለ፦ አንዱ ክንድ ብቻ ለሳምንታት ሲሠለጥን ያልሠራው ክንድም በተወሰነ መጠን ይበረታል። ይህ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሥራ ፈቶ የከረመው ክንድ ጡንቻ አልጨመረም፤ የተማረው አዛዡ ነው።

ጡንቻው ራሱ መወፈር የሚጀምረው ከዚሁ ጎን ለጎን፣ ግን በዝግታ ነው። በመሣሪያ ሲለካ ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ዓይን እንዲለየው ግን ለብዙው ሰው ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ያም ቢሆን ምግብና እንቅልፍ ካልጎደለ ነው። ስለዚህ ወር ተኩል ሠርቶ “ሰውነቴ አልወጣም” ብሎ የሚተው ሰው የሚያቆመው ሥራው ሊታይ ሲል ነው። “በሦስት ወር ይወጣል” የሚለው ወሬም ከዚህ አንጻር ግማሽ እውነት ነው፦ በሦስት ወር ለውጥ ይጀምራል እንጂ በቪዲዮው ላይ ያለው ሰው በሦስት ወር አልተሠራም።

ጅማት ወደ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ

ነርቭ በሳምንታት ይማራል፣ ጡንቻ በወራት ይጨምራል። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ከሁለቱም ይዘገያል። የሚደርሰው ደም አነስተኛ ነው፤ ሕብረ ሕዋሱም ራሱን የሚያድሰው ቀስ እያለ ነው። እናም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር አካባቢ አንድ አሳሳች ወቅት ይመጣል፦ ብረቱ ቀሎታል፣ ልቡ ሞልቷል፣ ጅማቱ ግን ገና ነው። የትከሻ፣ የክርንና የጉልበት ሕመም የሚለምደው በዚህ ጊዜ ነው። ጥፋቱ የሚፈለገው በዚያን ዕለት በተነሳው ብረት ላይ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ከሦስትና አራት ሳምንት በፊት በችኮላ የተጨመረው ኪሎ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት አመለካከት አለ። አንዳንዱ አሰልጣኝ ጀማሪን መጀመሪያ በማሽን ያሠራል፤ ማሽኑ አቅጣጫውን ስለሚይዝለት ስሕተቱ ያንሳል ይላል። ሌላው ከመጀመሪያው ነፃ ብረት ያስይዛል፤ ሚዛን መጠበቅ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው ባይ ነው። ጥናቶች ሁለቱም ጉልበትና ጡንቻ እንደሚጨምሩ ያሳያሉ፤ ሰው ይበልጥ የሚበረታው ግን በሠራበት ዓይነት ነው። የሚመለከት አሰልጣኝ ካለ ነፃው ብረት የሚፈራበት ምክንያት የለም፤ ከሌለ ማሽኑ ይሻላል። ከሁለቱም በላይ የሚወስነው ጭማሪው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ነው።

ያልታመመ አልሠራም?

በጂሞች ከሚሰሙት ነገሮች ሁሉ ሥር የሰደደው ምናልባት ይህ ነው፦ በማግስቱ ካላመመህ አልሠራህም። በስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው ይህን ሕመም በደንብ ያውቀዋል። ስግደቱ ዓርብ ነው፤ ጭን የሚይዘው፣ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ግን ቅዳሜና በትንሣኤ ጠዋት ነው። ምክንያቱ ጡንቻ ሸክም ይዞ እየተለጠጠ ሲሠራ፣ ማለትም ወደ ታች ሲወርድ፣ በክሮቹ ላይ የሚደርሰው ጥቃቅን መጎዳትና ያን ተከትሎ የሚመጣው ብግነት ነው። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል፣ ከዚያ ይጠፋል። “ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው” የሚለው ማብራሪያ አይሠራም፤ ላክቴት የሚባለው ይኸው ነገር ሥራው ባቆመ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይጠራል።

ጾሙን ሙሉ ሲሰግድ የከረመ ሰው ግን በትንሣኤ ጠዋት የዚያን ያህል አይያዝም። ሰውነቱ ያንን እንቅስቃሴ ለምዶታል። ይህ ማለት ግን ጭኑ መበርታቱን አቁሟል ማለት አይደለም። ሕመም የሚነግረን ሥራው አዲስ መሆኑን እንጂ ፍሬ ማፍራቱን አይደለም። ላብም እንዲሁ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት የባሕር ዳር ሙቀት ወንበር ላይ የተቀመጠውም ያልበዋል።

ሕመምን እንደ ድል የመቁጠር ልማድ አንድ እውነተኛ አደጋ አለው። በመጀመሪያው ቀን ከአቅም በላይ የሠራ ጀማሪ የጡንቻ ክሮቹ በብዛት ፈርሰው ይዘታቸው ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ራብዶማዮሊሲስ ይባላል፤ ኩላሊትን ይጎዳል። ከከባድ ሥራ በኋላ በቀጣዮቹ ቀናት ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ከመሰለ፣ ጡንቻው ካበጠ ወይም ሕመሙ ከልክ ካለፈ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ቤት መሄድ ነው እንጂ ውኃ ጠጥቶ መተኛት አይበቃም።

ጣሳው፣ ጀሪካኑና ደብተሩ

ጡንቻን የሚያሳድገው ዋናው ነገር ውጥረት ነው፦ ጡንቻው ሊደክም እስኪቃረብ ድረስ ሸክም መያዙ። ሰውነት የለመደውን ሸክም ስለማይቆጥረው ሸክሙ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መጨመር አለበት። አሰልጣኞች ፕሮግረሲቭ ኦቨርሎድ የሚሉት ይህንኑ ቀስ በቀስ መጨመር ነው። ለጀማሪ የሚመከረው በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በየመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ፣ መላ ሰውነትን ማሠራት ነው፤ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ከመሬት ማንሳት፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ተሸክሞ መራመድ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ፣ 2 ወይም 3 ዙር። ይኸው ነው። 12ቱ ያለ ችግር ሲወጣ ጥቂት ይጨመራል፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው ልክ ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው።

ቀላል ብረት ብዙ ጊዜ ወይስ ከባድ ብረት ጥቂት ጊዜ የሚለው ክርክር የጀማሪን ያህል ማንንም አያደክምም፤ ጀማሪን ግን ብዙ አይመለከተውም። ለጉልበት ከባዱ ይሻላል። ለጡንቻ መጠን ግን ቀላሉም ቢሆን ድካሙ ጫፍ እስኪደርስ ከተሠራበት ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል።

የሲሚንቶው ጣሳ ችግር ጭማሪው ላይ ነው። ስንት ኪሎ እንደሆነ አይታወቅም፤ አንዱ ጎን ከሌላው ሊከብድ ይችላል፤ ትንሽ ልጨምር ቢባልም አይጨመርበትም። ወፍጮ ቤት ወስዶ ሁለቱንም ጎን በየተራ ማስመዘን ግማሹን ችግር ይፈታል። ከዚያ የተሻለ መሣሪያ ግን በየቤቱ አለ፦ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 8 ሊትር የያዘው ጀሪካን 8 ኪሎ ገደማ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት 9 ሊትር ማድረግ በብዙ ጂም ያሉት ዲስኮች የማይሰጡትን ልከኛ ጭማሪ ይሰጣል። ሙሉው ጀሪካን በጂም ካለው ባዶ የወንዶች የውድድር ብረት ጋር እኩል ገደማ ይመዝናል፤ የሴቶቹ 15 ኪሎ ነው።

መጨመሩን የሚያውቀው ግን የጻፈው ብቻ ነው። ቀን፣ ሸክም፣ ድግግሞሽ፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመስታወቱም ከሚዛኑም ይልቅ እውነቱን የሚናገረው ይህ ተራ ደብተር ነው፤ ምክንያቱም ነርቭ የተማረው የሚታየው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ከፍታው ባጭሩ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሯጭ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። አንድ ዙር ብረት ማንሳት ግን ከግማሽ ደቂቃ ብዙም ስለማያልፍ በአብዛኛው የሚጠቀመው በጡንቻው ውስጥ የተቀመጠውን ኃይል ነው። ለእንግዳ ሰው በዙሮች መካከል የሚያርፈው ጊዜ ትንሽ ሊረዝም ይችላል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም።

ጾሙና ማዕዱ

የከተማዋ ጀማሪዎች ከሌላ አገር ቪዲዮ መልስ የማያገኙለት ጥያቄ ይህ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የሁዳዴ ቀናትና ሌሎቹን አጽዋማት የሚጾም ምእመን የዓመቱን ግማሽ ገደማ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ያሳልፋል። “ታዲያ ጡንቻው ከምን ይሠራል?”

ተራ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ብረት ለሚያነሳ ሰው የሚጠቀሰው ከፍ ይላል፤ 49 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ትንታኔ ከ1.6 ግራም በላይ የተጨመረው በአማካይ ተጨማሪ ጡንቻ እንዳላመጣ አሳይቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ሁሉ ለጀማሪ ይጠቅማል። አሁን የጾም ማዕድ ይቆጠር። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። 60 ግራም የሽሮ ዱቄት 12 ገደማ፣ እፍኝ የሚያህል 50 ግራም ለውዝ 12 ገደማ፣ ለእንጀራ የዋለ 200 ግራም የጤፍ ዱቄት ደግሞ ከ20 በላይ። ድምሩ ወደ 70 ግራም ይጠጋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ ከ1.1 ግራም በላይ ማለት ነው። ሥጋ የለም፣ ፓውደርም የለም።

ጥራቱም ቢሆን የሚታማ አይደለም። ጥራጥሬ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት ሲኖረው ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ እህል በሜታዮኒን ያካክሰዋል። ሽሮን በእንጀራ የሚበላ ሰው ሳያውቀው ሁለቱን አጋጥሟል። እንግዲህ የጾም ችግር ዓይነቱ ሳይሆን መጠኑ ነው። የቀጠነ ሽሮ በሦስት እንጀራ ሆድ ይሞላል፤ የዱቄቱ ልክ ግን ጥቂት ማንኪያ ነው። ወጡን ማወፈር፣ ምስሩን ማብዛት፣ የሽምብራ ቆሎ መያዝ ከማንኛውም ማሸጊያ ይቀድማል። በፍስክ ደግሞ ጣና ቅርብ ነው፤ 100 ግራም የቆሮሶ አሳ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል።

“ጡንቻን ይበላል” የሚለውስ? እስከ 9 ሰዓት መቆየት ጡንቻ አያቀልጥም። ጡንቻ የሚቀንሰው የቀኑ ምግብ ለሳምንታት ሲያንስና ልምምዱ ሲቆም ነው። የሚያሳስበው ውኃው ነው፤ ሁዳዴ የሚያልቀው ሙቀቱ ሲበረታ ነው። ስለዚህ ጾሙን ሊፈታ ሲቃረብ ቀለል አድርጎ መሥራት ወይም ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ መሥራት ይሻላል። በረመዳን ለሚጾም ሙስሊምም ስሌቱ ያው ነው፦ ከኢፍጣር ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ወይም ከኢፍጣር በኋላ። በጾም ወራት ሸክሙን ሳይጨምሩ ባለበት ማቆየት ውድቀት አይደለም፤ ሰው ለ2 እና ለ3 ሳምንት ጭራሽ ቢያቆም እንኳ አብዛኛው ጉልበቱ ይቆየዋል።

ከበሶ እስከ መርፌ

በሶ በጂም ልጆች ዘንድ የተከበረ ነው፤ ክብሩም አላለፈበትም፤ ግን ከገብስ የሚሠራ ስለሆነ አብዛኛው ይዘቱ ጉልበት የሚሰጥ ስታርች ነው። ከሥራ በፊት ያማረ፣ ለጡንቻ ግን ብቻውን የማይበቃ። ጥሬ እንቁላል መጠጣት ግን ኪሳራ ነው፦ ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲኑን 90 በመቶ ገደማ ሲወስድ ከጥሬው የሚወስደው ግማሹን ያህል ነው።

ፕሮቲን ፓውደር በአብዛኛው ከወተት ተለይቶ የወጣ ፕሮቲን የደረቀ ዱቄት ነው። ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ከአንድ ሊትር ወተት የሚገኘው 33 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያንኑ ይሠራል። ክሬቲን ሥጋና አሳ ውስጥ ያለ፣ ሰውነትም ራሱ የሚያመርተው ንጥረ ነገር ነው፤ በብዛት ከተጠኑት አንዱ ነው፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም መጠነኛ ጥቅም አለው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ያለ ሐኪም ምክር አይነካውም። አናቦሊክ ስቴሮይድ ከእነዚህ ጋር በአንድ መስመር መነሳቱ ራሱ ስሕተት ነው። ቴስቶስተሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ተመስሎ የተሠራ መድኃኒት ሲሆን ሰውነት የራሱን ማምረት እንዲያቆም ያደርጋል፤ መካንነትን፣ የልብና የጉበት ጉዳትን ያስከትላል። በመርፌም ሆነ በክኒን፣ ስሙና ይዘቱ ሳይነገር የሚሰጥ ነገር ሁሉ በዚህ መጠርጠር አለበት።

ሴቶች፣ ታዳጊዎችና ያልተጋበዙት

ሴት ብረት ስላነሳች ወንድ አትመስልም። የሴት ቴስቶስተሮን ከወንዱ ከ10 እጥፍ በላይ ያንሳል። ይልቁን የምታገኘው የአጥንት ጥንካሬ ነው፤ አጥንት በሚሸከመው ልክ ይጠነክራል፤ ከማረጥ በኋላ ለሚመጣው መሳሳትም ቅድሚያ ስንቅ ይሆናል። የታዳጊዎቹ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል በጫፉ ስላለ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን አሰልጣኝ እያየው፣ በልኩ የሚሠራ ታዳጊ ቁመቱ እንደሚቀር የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ቁመትን የሚወስኑት ዘርና ምግብ ናቸው። ታዳጊ የሚጎዳው ማን የበለጠ ያነሳል በሚል ፉክክር ውስጥ ነው።

ጉዳት ሲደርስ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ለተራ ወለምታ ልምዱ ያለው ወጌሻ የሚያስታግሰው ሕመም አለ። ጣት ከደነዘዘ፣ ክንድ ወይም እግር ሸክም መያዝ ካቃተው፣ እብጠቱ ከጨመረ ወይም “ቋ” የሚል ድምፅ ተሰምቶ ጉልበት በድንገት ከከዳ ግን ከመታሸቱ በፊት ራጅ መነሳት ይቀድማል። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ሲቋረጥበት እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት እንደሚያስከትል የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።

ስለ ጂም የሚደረገው ወሬ ሁሉ በጎረምሶች ዙሪያ መሆኑ አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናል። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ጡንቻ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ደግሞ ከጡንቻው ፈጥኖ ይወርዳል። ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስድ ትልቁ አካል በመሆኑ ልምምዱ ለስኳር ሕመምተኛም ይጠቅማል። ከልምምዱ ብዙ የሚያተርፉት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ በጂም የሚታዩት ግን ከሁሉም ያነሱ ናቸው። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሲያነሳም ትንፋሹን ይዞ ማማጥ የለበትም፤ ያ ግፊቱን በቅጽበት ከፍ ያደርገዋል። የእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ብረት ባዶ ወንበር ነው፦ እጅ ሳይደግፉ 5 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ሲቀል 8 ጊዜ፣ ከዚያ 3 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በደረት አቅፎ።